ሌሊት ጥቅሉን የሚበላው ማን ነው?

በቅኔ ትምህርቷ በምትታወቀው ዲማ ዘመድ ካለዎት ይህን ስሞታ ሳይሰሙ አልቀሩም፦ ማታ በቴሌብር የተገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ሲነጋ የለም። ልጅቷ የ12ኛ ክፍል ውጤቷን የምታይበት እንኳ አልተረፈም። ቁጣው ታዲያ ዩቲዩብ ሲያዩ ባመሹት ታናናሾቿ ላይ ይወርዳል።

ልጆቹን ከመቆጣትዎ በፊት ዴስክቶፑን ይመልከቱት። ከስልክ በሆትስፖት ሲገናኝ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ መስመሩን እንደ ማንኛውም የቤት ዋይፋይ ይቆጥረውና አፕዴቱን ድምፁን አጥፍቶ ያወርዳል። አንዳንዱ አፕዴት በጊጋባይት የሚለካ ነው።

ሴቲንግስ ከፍተው «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ቀጥሎ «ዋይፋይ» ውስጥ ይግቡ። በስልክዎ ስም የተመዘገበውን ኔትወርክ «ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱና «ሜተርድ ኮኔክሽን»ን ያብሩ። ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን አፕዴት ያቆየዋል። ማስተካከያው የሚሠራው ለዚያው ስልክ ብቻ ስለሆነ በአባትየው ስልክ ሲገናኙ እንደገና ማብራት አለብዎት።

አፕዴትን ጨርሶ መተው ግን ኮምፒውተሩን ለቫይረስ ያጋልጣል። ዴስክቶፕ ደግሞ እንደ ላፕቶፕ ታቅፈውት ዋይፋይ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ አይሄዱበት! በወር አንድ ቀን የሌሊት ጥቅል ይግዙ፤ ማስተካከያውን አጥፍተው፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክተው፣ እስኪነጋ እንዲያወርድ ይተዉት።