አንድ ቦታ ተቀምጦ መቃወም፦ ሕጉ፣ ደኅንነቱ፣ የጎረቤት ስሜት

ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ «ለቀናት አንድ ቦታ ተቀምጦ መቃወም ሕጋዊ ነው?» የሚል ነው። በሕግ ባለሙያነቴ መልሴ አዎ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብን መብት አድርጎታል። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ፤ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም።

ከባዱ የጎረቤት ስሜት ነው። በ2003 ዓ.ም. በጅማ ዞን በአሰንዳቦና አካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው ሺዎች ተፈናቀሉ። ጥር 2004 በአዲስ አበባው አወሊያ ትምህርት ቤት የሙስሊሞች ተቃውሞ ሲጀመር ብዙዎች ያ ጥቃት የፈጠረውን ፍርሃት ይዘው ተመለከቱት። ጥያቄው ግን መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ የሚል ነበር። ጥያቄውን ለመንግሥት ያቀረበው ኮሚቴ አባላት በ2007 ዓ.ም. በፀረ ሽብር ሕጉ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በእኔ እምነት ያ ፍርድ ስህተት ነበር።

ስለ ደኅንነት ቢሾፍቱን አስታውሱ። መስከረም 22 ቀን 2009 በኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስ የተደናገጠው ሕዝብ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ብዙ ሰው አለቀ። ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ መውጫውን እዩ። ለአምቡላንስ መንገድ ተዉ፤ የቡና መኪና የሚያልፍበትን አትዝጉ። የመስጊዱንም የቤተ ክርስቲያኑንም ሽማግሌዎች ቀድማችሁ አነጋግሩ።