ቧንቧው ሲያፏጭ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቧንቧው ያፏጫል። መጀመሪያ ቀጭን ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ሳል የመሰለ ድምፅ፣ ከዚያ ዝም። እናቴ ይህን ድምፅ በእንቅልፏ ውስጥ ሆና ትለየዋለች። «ተነሱ፣ ውሃ መጣች!» ስትል በባዶ እግራችን እንሮጣለን፤ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ድስት ሳይቀር ይሰለፋል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃው ሳይነገረን በድንገት ሄዶ አምስት ቀን የቆየበት ጊዜ አለ፤ ስምንት ቀንም አይተናል። ስለዚህ ከቧንቧው አፍ የሚወጣው የመጀመሪያው ውሃ ቢፈስስ ኃጢአት ይመስለን ነበር። ቡናማ ቢሆንም እንቀዳዋለን፤ «ሲያድር ይጠልላል» እንላለን። ቀድሞ የሚሞላው ደግሞ የመጠጡ ጀሪካን ነበር።

ስህተታችን ይኸው ነበር። ውሃ ሲቋረጥ የሚጎድለን መጠኑ ብቻ ይመስለናል እንጂ መቋረጡ ራሱ ውሃውን እንደሚለውጠው ብዙዎቻችን አናስብም። ከማጣሪያ ጣቢያ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ ባዶ ሆኖ በሰነበተ ቧንቧ ውስጥ አልፎ ሲመጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ባልዲዎች የያዙት ሌላ ነገር ነው።

ለምን ሌሊት እንደሚመጣ ላስቀድም። ውሃ በቧንቧ ውስጥ የሚሄደው የሚገፋው ሲያገኝ ነው። የሚገፋው ወይ ከበላዩ ያለው የራሱ ክብደት ነው፣ ወይ ፓምፕ። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል፤ ውሃው 10 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥርም ያንኑ ያህል ግፊት ያጣል። 10 ሜትር የሦስት ፎቅ ያህል ከፍታ ነው። እንግዲህ በመንገዱ መስመር ውስጥ ያለው ግፊት አንድ ባር ብቻ ከሆነ፣ ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቶች እየቀዱ አራተኛ ፎቅ ጠብታም አይደርስም። ቀን ሁሉም ቤት ሲከፍት ግፊቱ ይወርዳል፤ ከተማው ሲተኛ ቀስ እያለ ይመለሳል።

አዲስ አበባ ለዚህ የተጋለጠች ከተማ ናት። በሰሜን የእንጦጦ ጋራ ከ3,000 ሜትር በላይ ይቆማል፤ በደቡብ የአቃቂ ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ ሲያመጣ ይህንኑ ክብደት ተጠቀመበት። ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ በላይ ስለነበር ውሃው ቁልቁል ወርዶ በራሱ ጉልበት ወደ ግቢው ኮረብታ ወጣ። የገፈርሳ ግድብም ከከተማው ከፍ ብሎ በመቀመጡ ስበት ያግዘዋል። ከተማው ሲሰፋ ግን የአቃቂን ጥልቅ ጉድጓዶች መቅዳት ግድ ሆነ። እነዚህ ያሉት በዝቅተኛው ጫፍ ነው፤ ውሃቸው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ከከርሰ ምድር ወጥቶ እንደገና ሽቅብ ወደ ከተማው ይገፋል። መብራት ሲጠፋ ውሃውም ተከትሎ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ዋናው ነገር ያለው ባዶው ቧንቧ ውስጥ ነው። ውሃ ሲቋረጥ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ባለበት አይቀመጥም። ዝቅ ያሉት ሰፈሮች መቅዳታቸውን ስለሚቀጥሉ ከላይ ያለው ወደ ታች ይፈስሳል፤ የለቀቀው ቦታ ደግሞ አየርም ይሁን ሌላ ነገር፣ ያገኘውን ይስባል። ቧንቧው ላይ ጎማ ሰክታችሁ የጎማውን ጫፍ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ነክራችሁ ከተዋችሁት፣ የሳሙናው ውሃ ወደ ቧንቧው ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ከዚያ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ከመሬት በታች ያለው ነገር ከዚህ ይብሳል። የትኛውም ከተማ የውሃ መስመር የሆነ ቦታ ላይ ያፈስሳል፤ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ብረቱ በዝገት ይበሳል። ግፊት እያለ ይህ የሚያመጣው ጉዳት የውሃ ብክነት ነው፤ ውሃው ወደ ውጭ ስለሚገፋ ከውጭ የሚገባ ነገር የለም። ግፊቱ ሲጠፋ ግን ሲያወጣ የነበረው ስንጥቅ ማስገባት ይጀምራል። በዙሪያው ያለው አፈር በክረምት ዝናብ የራሰ፣ የቱቦ ፍሳሽ ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚያልፍበት ከሆነ የሚገባውን መገመት ከባድ አይደለም። ከመንገዱ መስመር ላይ በቀጥታ የሚገጠም ፓምፕም ይህን መሳብ ያባብሰዋል። ፓምፑ ውሃ ከሌለበት መስመር ውሃ ሲፈልግ የሚያገኘው የስንጥቁን ጭቃ ነው፤ በዚያ ላይ የጎረቤትን ድርሻ ይቀማል። ፓምፕ ያስፈለገው ቤት መጀመሪያ ውሃውን በራሱ ጉልበት ወደ ታንከር ማስገባት፣ ከዚያ ከታንከሩ ወደ ፎቅ መግፋት አለበት።

በሕንድ ካርናታካ ግዛት ያሉት ሁብሊና ዳርዋድ የተባሉ መንትያ ከተሞች ይህን ለመመርመር ያልተለመደ ዕድል ሰጥተዋል። የአንዳንድ ሰፈሮች መስመር ተሻሽሎ ውሃ ሳይቋረጥ ሲደርሳቸው፣ ሌሎቹ በጥቂት ቀናት አንዴ በፈረቃ ይደርሳቸው ነበር። የካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ኢ. ኮላይን ፈለጉ፤ ይህ ባክቴሪያ በውሃ ውስጥ መገኘቱ ውሃው ዓይነ ምድር እንደነካው ምልክት ነው። ሳይቋረጥ ከሚደርሳቸው ቧንቧዎች ከተወሰደው ናሙና ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላው ላይ ሲገኝ፣ የፈረቃዎቹ ላይ ግን ከመቶ 30 ገደማ በሚሆነው ተገኘ። በመስመሩ ውሃ በተለቀቀበት ቅጽበት የሚወጣው ውሃም ከኋለኛው ይበልጥ የደፈረሰና ባክቴሪያ የበዛበት ሆነ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የመጀመሪያውን ባልዲ እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

ፉጨቱስ? ውሃው ሲመለስ በቧንቧው የታሰረውን አየር ከፊቱ እየነዳ ይመጣል። አየሩ ከውሃ ስለሚቀል ጠባቡን ቀዳዳ በከፍተኛ ፍጥነት ያልፋል፤ ቆጣሪውንም ያሽከረክረዋል። ቧንቧውን ለቀቅ አድርጎ የሚተኛ ሰው አየር ያስቆጥራል። ከአየሩ በኋላ የሚመጣው ውሃ ደግሞ የቧንቧውን ግድግዳ ይገርፋል። ግድግዳው ባዶ አይደለም፤ ዓመታት ያስቆጠረ ዝገት፣ ደለልና ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት የሚያሟልጭ ስስ ሽፋን አለበት። ውሃ ሳይቋረጥ ሲፈስስ ይህ ሽፋን በአብዛኛው ባለበት ይቆያል። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ የገባው አየርም ብረቱን ያዝገዋል፤ ኃይለኛው ውሃ ሲመጣ ሁሉንም ልጦ ያመጣዋል። ቀዩ ወይም ቡናማው የብረት ዝገት ነው፤ ጥቁር ብናኝ ብዙ ጊዜ ማንጋኒዝ ነው።

ነጩ ግን ሌላ ነው። ወተት የመሰለ ውሃ ሲመጣ «ክሎሪን አበዙበት» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ክሎሪን አይደለም። በግፊት ውስጥ የሟሟ አየር ግፊቱ ሲለቀው በጥቃቅን አረፋ እየወጣ ነው። ለመለየት አንድ ብርጭቆ ይበቃል። ውሃውን ቀድታችሁ አስቀምጡት፤ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ያልቃል። ከላይ እየጠራ ከታች ዝቃጭ ካስቀመጠ ግን ደለል ነው።

ታዲያ ቡናማው ይደፋ? አይደፋም፤ ስምንት ቀን የጠበቀ ቤት ውሃ ድፋ ማለት ጭካኔ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ያግዘናል። አንድ ሰው ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በቀን የሚያስፈልገው 7.5 ሊትር ገደማ ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት ይህ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አይሞላም። ሽንት ቤትና ወለል መወልወያ ከዚያ በላይ ይበላሉ፤ ለእነዚህ ደግሞ ቡናማው ውሃ ይበቃል። ስለዚህ መለወጥ ያለበት የመቅዳቱ ተራ ነው፦ መጀመሪያ የሽንት ቤቱ በርሜል፣ ቀጥሎ ባልዲዎቹ፣ ውሃው ጠርቶ ጥቂት ከፈሰሰ በኋላ የመጠጡ ጀሪካን። የምንፈራው መልሶ እንዳይሄድ ነው፤ ፍርሃቱ ትክክል ነው። ለዚህም ከባለፈው ፈረቃ የቀረ አንድ የመጠጥ ጀሪካን አዲሱ ውሃ እስኪጠራ ሳይደፋ መቆየት አለበት። «አሮጌ ውሃ» ብሎ ቀድሞ መድፋት በብዙ ቤት የማየው ልማድ ነው፤ ያሳዝነኛል።

የተቀዳ ውሃም ሲቀመጥ ይለወጣል። ከማጣሪያ ጣቢያ ሲወጣ የተጨመረበት ክሎሪን በሙቀት፣ በብርሃንና በቆሻሻ እየተበላ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በገባው ኩባያና በነካው እጅ ሁሉ ሊበከል ይችላል። አፈ ጠባቡ ጀሪካን እዚህ ላይ ከባልዲ ይሻላል፤ እጅ አያስገባም፣ ይቀዳል እንጂ አይጠለቅበትም። ክሎሪኑን ለመተካት በየሱቁ የሚገኘው «ውሃ አጋር» አለ፤ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ድፍርስ ውሃ ላይ መጨመር ግን ብዙም አይረዳም፤ ክሎሪኑ ከባክቴሪያው ጋር ከመታገሉ በፊት በጭቃው ያልቃል። አስቀድሞ ማጥለል ይሻላል። በባንግላዲሽ ገጠር ሴቶች ያረጀ የሳሪ ጨርቅ አራት እጥፍ አድርገው ውሃ እንዲያጠልሉ ተደርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጥናት ኮሌራ በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ታጥቦ ታጥቦ ድሩ የተጠጋጋ አሮጌ ነጠላ የሌለበት የእኛ ቤት የትኛው ነው? ጠላ የሚያጠልል እጅ ይህን ለመማር ብዙ አይቸገርም። ጨርቁ ባክቴሪያን ሁሉ አያስቀርም፤ ለክሎሪኑ ወይም ለማፍላት መንገድ ይጠርጋል።

ማፍላትን በተመለከተ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህ ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያንን ለመግደል ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የሚሰጠው ምክር ግን እየተንተከተከ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ጋዝና ከሰል በተወደደበት ጊዜ ፀሐይም አለች፦ ጥርት ያለ ውሃ በንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ ቆርቆሮ ላይ 6 ሰዓት ማዋል፣ ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን።

ድሬዳዋ ለሚያነብ ሰው ሌላ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሞቃት ከተሞች የውሃ ማጠራቀሚያ ለትንኝ መራቢያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ የዴንጊ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ዴንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ትራባለች፣ እንቁላሏም በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ደርቆ ወራት ይቆያል። ቀጥሎ ደግሞ ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች። የለመድናት የወባ ትንኝ ኩሬና ረግረግ ስትፈልግ፣ ይህቺኛዋ የከተማ በርሜልና ታንከር ይስማማታል። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። ወባን ከገጠርና ከክረምት ጋር ብቻ አያይዘን ኖረናል፤ የውሃ እጥረት በደረቅ ወቅት ከተማ መሀል አመጣት። በርሜሉን አጥብቆ መክደንና በየሳምንቱ ግድግዳውን ፈግፍጎ ማጠብ ከአጎበር እኩል የሚታይ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚያርፍ አልረሳሁም። ውሃ በፈረቃ መሆኑ ከታወቀ ቤት ይዘጋጃል፤ ያልታወቀ ፈረቃ ግን ሁሉንም ያስጨንቃል፣ ሁሉም የሚችለውን ሁሉ ያጠራቅማል፣ ቧንቧውንም ከፍቶ ይተኛል። በአንድ ጊዜ የተከፈተ ሺህ ቧንቧ ደግሞ ግፊቱን መልሶ ይገድለዋል። ስለዚህ ትክክለኛ ሰዓት አስቀድሞ መናገር ከቧንቧ ጥገና የማያንስ የጤና ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። ማስታወቂያው ሰዓቱን ሲናገር «የመጀመሪያውን ውሃ አትጠጡ» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ምንኛ በጎ ነበር።

እኛ ሕንፃ ላይ ይህን መስመር የምትጨምረው ምድር ቤት የምትኖረው አሮጊቷ ጎረቤታችን ናት። ውሃው ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሷ ጋ ነው። ድሮ በደረጃው ላይ «መጣች!» ብላ ብቻ ትጣራ ነበር። ስለ መጀመሪያው ውሃ ከእናቴ ጋር ቡና ላይ ከተጫወቱ ወዲህ ግን በኩባያ ቀድታ፣ አምፖሉ ሥር ይዛ አይታ ነው የምትጣራው፦ «መጣች፤ ግን ገና ቀይ ናት!»