ደከመኝ ማለት ነውር የሚሆንባቸው አስታማሚዎች

ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻ የምትገኘው ብሩክሊን ሴንተር ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ በርካታ ቤተሰቦች የሚኖሩባት ከተማ ናት። በብዙዎቹ ዘንድ ወላጅን መጦር ግዴታም ምርቃትም ነው።

የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የገባች ልጅ ለእናቷ የስኳር መድኃኒቷን ትሰጣለች፤ ሐኪም ቤት ይዛት ትሄዳለች፤ እዚያም ታስተረጉማለች። ድካሟን ግን ለማንም አታወራም። «እናቷ ሰለቸቻት» እንዳትባል ይሉኝታ ይይዛታል። አንድ ቀን በእናቷ ላይ ድምጿን ከፍ ካደረገች ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ራሷን ስትወቅስ ትከርማለች።

በአውሮፓውያኑ 2025 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በአገሪቱ 63 ሚሊዮን የሚሆኑ የቤተሰብ አስታማሚዎች እንዳሉ ይገምታል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክሪስቲን ኔፍ በ2003 ባሳተመችው ጽሑፍ ለራስ መራራትን በሦስት ነገሮች ገልጻዋለች፦ ራስን ከመውቀስ ይልቅ በደግነት ማየት፣ መከራው የሰው ሁሉ እንጂ የብቻ አለመሆኑን መረዳት፣ እንዲሁም ስሜትን ሳያጋንኑና ሳይደብቁ ማስተዋል። ኔፍ ራሷ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ናት። እንዲህ ያሉ ልጆችን በሚያሳድጉ ወላጆች ላይ ከባልደረባዋ ጋር ባካሄደችው ጥናት፣ ከልጁ ሕመም ክብደት ይልቅ ወላጁ ለራሱ ያለው ርኅራኄ ከወላጁ ደኅንነት ጋር የጠበቀ ግንኙነት ነበረው።

ለእኛ የሚከብደው ሁለተኛው ነገር ይመስላል። ይሉኝታ ሁሉንም ዝም ስለሚያሰኝ እያንዳንዱ አስታማሚ የደከመው እሱ ብቻ ይመስለዋል። ለቅሶም ሆነ አራስ ሲኖር ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ ዓመታት የሚዘልቅ ሕመም ግን ጠያቂው ቶሎ ይሳሳል።

እርግጥ ነው፣ ለራስ መራራት ልብስ አያጥብም። በሚኒሶታ ከጥር 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት፣ በጠና የታመመ ቤተሰብ የሚያስታምም ሠራተኛ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ከፊል ክፍያ ያለው ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። የግዛቲቱ የአረጋውያን የስልክ መስመርም (1-800-333-2433) ነፃ ነው፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል።

«ምን ላግዝሽ?» ብሎ ለሚጠይቅ ዘመድም «ምንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ከሚለው የተለመደ መልስ ይልቅ «ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ጋ ቆይልኝ፣ ልተኛ» ማለት ይቻላል።