የጎመን በሽታ ሶስ የሚያወፍረው እንዴት ነው?

የሰላጣ ሶስ ጠርሙስ ጀርባ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ዝርዝር ካነበቡ፣ ከዘይቱና ከኮምጣጤው በኋላ «ዛንታን ገም» ወይም «ኢ 415» የሚል ብዙ ጊዜ ያገኛሉ። ቅመሙ ሳይዘቅጥ ተንሳፍፎ የሚቆየው፣ ጠርሙሱ ሲነቀነቅ ደግሞ ሶሱ ቀጠን ብሎ የሚፈስሰው በእሱ ነው።

የሚሠራው ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የጎመን ገበሬ በደግ አያነሣውም፤ የጥቅል ጎመንን ቅጠል ከጠርዙ እያገረጣ ጅማቱን የሚያጠቁረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሊን ጂንስ የተባሉ የኬሚስትሪ ባለሙያና ባልደረቦቻቸው፣ አሜሪካ ፒዮሪያ ከተማ በሚገኘው የግብርና ሚኒስቴር ላቦራቶሪ፣ ባክቴሪያው ስኳር ሲሰጠው በዙሪያው የሚያወጣውን ዝልግልግ ነገር፣ ማለትም ይህንኑ ሙጫ፣ አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ ለምግብነት ተፈቀደ።

አስቸጋሪው ዝልግልጉን በብዛት ማግኘት ነው። ባክቴሪያው ለመባዛት ፕሮቲን ይሻል፣ ለፕሮቲኑም ናይትሮጅን። ዝልግልጉ ግን ከሞላ ጎደል ስኳር ነው። ስለዚህ ስኳሩ በደንብ፣ ናይትሮጅኑ በቁጠባ ይሰጠዋል። ናይትሮጅኑ ሲያልቅ መባዛቱን ያቆምና የተረፈውን ስኳር ወደ ሙጫ ይለውጠዋል። ናይትሮጅን በቸርነት የሰጠ ሰው የሚያፍሰው ባክቴሪያ ነው። ስኳርም ቢሆን ልክ አለው፤ በሊትር ከ30 እስከ 40 ግራም አካባቢ የተለመደ ነው፣ በጣም ከበዛ ዕድገቱን ይገታል።

ሙቀቱ ድርድር ነው፦ ለመባዛት ቀዝቀዝ፣ ለሙጫው ሞቅ ያለ ስለሚስማማው ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ይያዛል። ሙጫው ራሱ አሲድ ያዘለ በመሆኑ ፈሳሹ እየኮመጠጠ ይሄዳል። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 5 ከወረደ ምርቱ ይቆማል፤ ስለዚህ እየተከታተሉ ወደ 7 ይመልሱታል።

ዋናው ፈተና ግን አየር ነው። ያለ ኦክስጅን ይህ ባክቴሪያ አይሠራም፣ ሥራው በሰመረ ቁጥር ደግሞ ፈሳሹ ይወፍርና አየሩ አልገባ ይላል። ገንፎ ያገነፋ ሰው ያውቀዋል፤ ማማሰያው የሚከብደው ማማሰል በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። እዚህ ላይ የሙጫው ጠባይ ነገሩን ያብሰዋል፦ ሲገፋ ይቀጥናል፣ ሲተዉት ይረጋል። ስለዚህ ከማማሰያው አጠገብ ያለው ፈሳሽ እየተሽከረከረ፣ በማምረቻው ጋን ግድግዳ ዙሪያ ያለው ግን ንቅንቅ ሳይል ይቀራል፤ እዚያ ያለው ባክቴሪያም በስኳር መካከል ተቀምጦ ይታፈናል። ፍጥነት መጨመር ይረዳል፣ የመብራት ሒሳቡም አብሮ ይጨምራል። በእኔ ግምት የጋን ንድፍ አውጪው ከባክቴሪያ አዋቂው ያልተናነሰ ድርሻ ያለው ለዚህ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፈሳሹ በሙቀት ይታከምና ባክቴሪያው ይሞታል፤ አልኮል ሲጨመርበት ሙጫው ነጭ ጭረት እየሆነ ይለያል፣ ደርቆም ይፈጫል። አልኮሉን መልሶ ማጣራት ከወጪው ቀላል የማይባለውን ይወስዳል።

ቤት ውስጥ ግሉተን የሌለውን የጤፍ ዱቄት እንደ ስንዴ ዳቦ ለመጋገር ለሚሞክር፣ ለአንድ ኩባያ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ዛንታን ገም ይበቃዋል። ውኃ ላይ በቀጥታ አይነስነስ፤ ውጭው ወዲያው ያብጥና ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል ይሠራል። መጀመሪያ ከዱቄቱ ወይም ከዘይቱ ጋር ይለወስ።