በሳምንት የተከፋፈለች ከተማ፤ ስለ ሸዋ ሮቢትና ስለ ይፋት ቆላ ገበያዎች

አንድን ከተማ ለማወቅ የሚፈልግ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው አራት ነገር ነው፤ የእጅ ሥራውን፣ ምግቡን፣ ሱቁንና የመንገዱን ወግ። በአዲስ አበባ ይህን ሁሉ ከፒያሳ እስከ መርካቶ በእግር እየዞሩ ባንድ ቀን ማየት ይቻላል። በይፋት ቆላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሸዋ ሮቢት አውራ ጎዳና ላይ ቆሞ ግራና ቀኙን የተመለከተ መንገደኛ የቆርቆሮ ቤት፣ ሻይ ቤትና የጭነት መኪና ብቻ አይቶ፣ «እዚህ የሚታይ ነገር የለም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ይህ አስተያየት ትክክል አለመሆኑን ለማስረዳት ይህን አጭር ጽሑፍ አቅርበናል። የይፋት ትልቅ ከተማ በአንድ ቦታ የተሠራች አይደለችም፤ በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍላ በየገበያው የምትቆም ናት። ስለዚህ እርሷን ለማየት የሚሻ ሰው ቦታውን ከመጠየቁ በፊት ቀኑን መጠየቅ አለበት።

ስምና ቀን

ለዚህ አባባል የመጀመሪያው ምስክር የቦታ ስም ነው። በጎንደር በኩል ማክሰኚት፣ በባሕር ዳር አጠገብ ሐሙሲት የሚባሉ ከተሞች አሉ፤ ከማክሰኞና ከሐሙስ የወጡ ስሞች መሆናቸው ግልጽ ነው። ሮቢትም በዚሁ አኳኋን ከሮብ የወጣ ስም ነው። በራያ ቆቦም ሮቢት የሚባል ቦታ ስላለ የኛዪቱ «ሸዋ ሮቢት» ተብላ ትለያለች። ከእርሷ ወደ ሰሜን በደሴ መንገድ ጥቂት ሲሄዱ ሰንበቴ ይገኛል፤ ታላቁ ገበያውም እንደ ስሙ እሑድ ይቆማል። ከከሚሴና ከኮምቦልቻ ባሻገር ያለው የባቲ ገበያ ደግሞ ሰኞ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር የሳምንቱ ቀን የጊዜ መቁጠሪያ ከመሆኑም ሌላ አድራሻ ነው ማለት እንችላለን።

ገበያው ስለ ምን እዚህ ቆመ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በርን ሲሻገር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። በዚህ አጭር መንገድ ገብሱ በማሽላ፣ በጉ በፍየል፣ ካባው በሽርጥ ይለወጣል። ግመል ዳገቱን አይወጣም፤ የደጋ በቅሎም የቆላውን ሙቀትና ጥማት ለረጅም ጊዜ አይችልም። ስለዚህ ጭነት ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ጀርባ የሚዛወርበት ቦታ አስፈላጊ ሆነ። የይፋት ገበያዎች መሠረት ይህ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች ይፋትን ሲገዙ የሀብታቸው ምንጭ ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ ነበር። ኖራ፣ አስበሪና መሳል በሚባሉት ቦታዎች እስከ ዛሬ የሚታዩት የድንጋይ መስጊድና የቤት ፍራሾች የዚያ ዘመን ከተሞች ቅሪቶች ናቸው። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ግመሎቹ ከቆላው ዳር ከፋሬ አላለፉም፤ ጓዙ ወደ አንኮበር የወጣው በሰው ሸክም ነው። በዚያን ጊዜ ዓርብ ዓርብ የሚቆመው የአልዩ አምባ ገበያ ጨውን፣ ቡናንና ጨርቅን የሚያገናኝ ነበር። በአጠገቡ በአብዱል ረሱል ግን የሚሸጠው ሰው ነበር፤ የገበያን መልካምነት ስንናገር ይህንን መሸሸግ አይገባም።

የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የቅፍለት ንግድ መንገዱን ለቀቀ፤ አልዩ አምባም ቀዘቀዘ። በኋላ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የጣርማ በርን ዋሻ ፈልፍሎ የደሴን መንገድ ሲሠራ ንግዱ ወደ መኪና መንገዱ ዳር ተዛወረ። ሸዋ ሮቢትን ያሳደጋት ይኸው ለውጥ ነው።

ተራና ሥርዓቱ

የገበያ ቀን ባዶው ሜዳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተማ ይሆናል። የከብት ተራ፣ የእህል ተራ፣ የቅቤ ተራ፣ የጨው ተራ እየተባለ ይከፋፈላል፤ ማንም ምልክት ሳይተክል ሁሉም ስፍራውን ያውቃል። የመርካቶ ምንአለሽ ተራና ሽንኩርት ተራም የተሰየሙት በዚሁ ልማድ ነው። ልዩነቱ መርካቶ ሜዳውን በግንብ አጥሮ ገበያውን ዕለታዊ ማድረጉ ነው።

የእጅ ጥበብ የሚገኘው በነዚህ ተራዎች ውስጥ ነው። አርጎባው በሸማ ሥራና በንግድ የታወቀ ነው። የአፋር ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል የሠሩት ሰሌን መሬት ላይ ይዘረጋል፤ የመንዝ ባናና ዝተት ከብርድ አገር መጥቶ በሙቀት መካከል ይሸጣል። እነዚህ ዕቃዎች በሙዚየም ቢቀመጡ ለየብቻቸው ይታያሉ። በገበያው ግን ከሻጩ ቋንቋ፣ ከገዢው ክርክርና ከዋጋቸው ጋር ስለሚታዩ ለአጥኚው የበለጠ ይናገራሉ።

ምግቡም እንዲሁ ነው። የቆላው እንጀራ በብዛት የማሽላ ነው። ማሽላው በሚደርስበት ወራት ልጆች ጥንቅሽ በእስር በእስሩ ይዘው በመንገድ ዳር ይሸጣሉ፤ መንገደኛውም እየላጠ እያኘከ ያልፋል። በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ፓፓያውና ማንጎው ለአውራ ጎዳናው መልክ ይሰጡታል። ማሾ ግን በብዛት የሚመረተው ለውጭ አገር ገበያ ስለሆነ ገበሬው ከሚበላው የሚሸጠው ይበልጣል። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ቤት በየፊናው ነው፤ ሆኖም ቡናውንና ሻዩን፣ ፍራፍሬውንና ሽሮውን ሁሉም ይካፈለዋል። በዚህ ዓይነት ሕዝቡ ሃይማኖቱን ሳይቀላቅል ገበታውን የሚያቀራርብበትን ዘዴ አግኝቷል።

ወሬ እንደ ሸቀጥ

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በገንዘብ የማይገዛው ነገር ነው። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ከሰላምታው ጋር ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይነጋገራሉ፤ ዝናብ የት እንደ ዘነበ፣ ሣር የት እንደ በቀለ፣ የትኛው መንገድ ሰላም እንደ ሆነ። ወሬን ማጣመም ትልቅ ነውር ነው። አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባውም በገበያ ሲገናኙ ይህንኑ ይጠያየቃሉ። ብዙ ነጋዴ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይናገራል፤ ያስተማረውም ትምህርት ቤት ሳይሆን ገበያው ነው።

ገበያ ሲዘጋ

በሱቅና በየቀኑ በሚመጣ መኪና ምክንያት የሳምንቱ ገበያ ሥራ እየተቀነሰ መሄዱ አይቀርም። ጨውና ጨርቅ ከማንኛውም ሱቅ ይገኛል። ሱቅ ግን ሻጭንና ገዢን እንጂ ደገኛንና ቆለኛን አያገናኝም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት የአጣዬ ከተማ ብዙ ክፍል በእሳት ወደመ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለፍየሉ እህል ያጣል፤ ባለእህሉ ቅቤና ከብት ያጣል። ሁለቱም ስለ ጎረቤታቸው የሚሰሙት እውነተኛ ወሬ ሲቋረጥ ቦታውን አሉባልታ ይይዘዋል። ገበያ ብቻውን ጠብን ያስቀራል ማለታችን አይደለም፤ ጎረቤታሞች በየሳምንቱ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ሌላ ስፍራ ግን በዚህ አገር ጥቂት ነው።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ የሚቀርባቸውን ገበያ የተራ አሰላለፍ በወረቀት እንዲነድፉ፣ የዕቃውን ስም በየቋንቋው እንዲጽፉ፣ ማን ከየት መጥቶ ለማን እንደሚሸጥ እንዲመዘግቡ እናሳስባለን። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው። ቀኑን ግን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ በማግሥቱ የደረሰ ሰው የሚያገኘው ባዶ ሜዳ ነውና።