የኋላ ጎማ ሲጮህ፦ የብስክሌትን የሞዞ ድምፅ ለይቶ ስለ መረዳት

እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ አካባቢዎች ብስክሌት የብዙዎችን ጊዜና ጉልበት የሚቆጥብ የአገልግሎት መሣሪያ ነው። የጋራ ንብረት የሆነ ብስክሌት ግን የሚነዳው እንጂ የሚያደምጠው አይበዛም። የኋላው ጎማ መጮህ ሲጀምር አንዱ «ልማዱ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው ሙሉ ጎማ እንዲገዛ ያሳስባል። ሁለቱም ሳይመረመር የተሰጡ ፍርዶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ነጂውን ለአደጋ፣ ሁለተኛው የጋራውን ገንዘብ ለብክነት ይዳርጋል። ስለሆነም በዚህ እትም ማርሽ ያላቸውን የኮርሳ ብስክሌቶች በተመለከተ ድምፁን እንዴት መለየት እንደሚቻልና ከተለየ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት እናብራራለን።

ሞዞው ምን ይሠራል?

ሞዞ የምንለው የጎማው እምብርት ሁለት ተግባራት አሉት። የመጀመሪያው ጎማው በፔርኖው ዙሪያ ያለ ችግር እንዲሽከረከር ማድረግ ሲሆን፣ ይህን የሚፈጽሙት ኩሽኔታዎች ናቸው። በብዙ የኋላ ሞዞዎች በቀኝና በግራ በኩል ዘጠኝ ዘጠኝ የብረት ኳሶች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ኳስ 6.35 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ኳሶቹ በሞዞው ውስጥ ባለው ጎድጓዳ ማረፊያና በፔርኖው ላይ በሚጠብቀው ሾጣጣ ዳዶ መካከል ሆነው ይሽከረከራሉ።

ሁለተኛው ተግባር የእግርን ኃይል ወደ ጎማው ማስተላለፍ፣ እግር ሲያርፍ ደግሞ ጎማው ብቻውን እንዲዞር መፍቀድ ነው። ለዚህም ጥርሶቹን በተሸከመው ክፍል ውስጥ በቀጭን ሞላ የሚገፉ ትንንሽ የብረት ምላሶች አሉ። ነጂው ፔዳል ሲመታ ምላሶቹ ከውስጠኛው ጥርስ ጋር ተያይዘው ጎማውን ይገፋሉ። እግሩን ሲያሳርፍ በጥርሶቹ ላይ እየተንሸራተቱ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ያሰማሉ።

ስለዚህ እግር ባረፈ ጊዜ የሚሰማ፣ ወጥና ጥርት ያለ ጠቅታ የጤንነት ምልክት ነው። የአንዱ ሞዞ ድምፅ ከሌላው ቢበልጥ ከአሠራርና ከቅባት ልዩነት የመጣ ነው። ይልቁንም ሲጮህ የኖረ ሞዞ በድንገት ዝም ቢል ወይም ጠቅታው ቢቆራረጥ ሊያሳስብ ይገባል። ምላሶቹ በቆሸሸና በደረቀ ቅባት ተጣብቀው ይሆናል። እንዲህ ያለ ሞዞ ነጂው ዳገት ላይ ቆሞ ፔዳሉን ሲጫን በድንገት ሊከዳና ሊጥለው ይችላል።

ድምፁ መቼ ይሰማል?

ከማንኛውም መፍቻ በፊት የሚቀድመው ይህ ጥያቄ ነው። ነጂው ጸጥ ባለና በተስተካከለ መንገድ ላይ እየነዳ ሦስት ሁኔታዎችን ያነጻጽር።

ድምፁ እግር ሲያርፍ ብቻ ከተሰማና ጠቅታው ሻካራ ወይም የተዛባ ከሆነ ጥርጣሬው በምላሶቹ ላይ ያርፋል። እግር ባረፈ ጊዜ ሰንሰለቱ ከላይ በኩል ከረገበም ክፍሉ ተጣብቆ በነጻነት አለመዞሩን ያሳያል።

ድምፁ ፔዳል ቢመታም ባይመታም ሳያቋርጥ ከተሰማና ፍጥነት ሲጨምር አብሮ ከጨመረ ጥርጣሬው ወደ ኩሽኔታዎቹ ይዞራል። ይህ ድምፅ እህል እንደሚፈጭ ወፍጮ ዓይነት ነው።

ድምፁ ፔዳል ሲመታ ብቻ ከተሰማ ግን ሞዞውን ለመፍታት መቸኮል አይገባም። ፔዳሉ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ የሚሰማ ከሆነ ምንጩ ፔዳሉ ራሱ ወይም ፔዳሎቹን የሚያገናኘው የመካከለኛው ፔርኖ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ደረቅ ሰንሰለት፣ በሚገባ ያልጠበቀ የጎማ ማሰሪያ፣ የላላ የጥርስ ስብስብ፣ የላላ ወይም የተሰበረ የጎማ ሽቦም ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣሉ። የብስክሌቱ አካል ድምፅን ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚያስተላልፍ ጆሮ በቀላሉ ይታለላል። ነጂው ከመቀመጫው ሲነሣ ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የመቀመጫው እንጂ የጎማው አይደለም።

በእጅ የሚደረግ ምርመራ

በመንገድ ላይ የተገኘውን ጥርጣሬ ለማረጋገጥ የኋላውን ጎማ ከመሬት ማንሣት ይበቃል። አንድ ሰው ጎማውን ሲያሽከረክር ሌላው እጁን በመቀመጫው ሥር ባለው ብረት ላይ ያሳርፍ። ኩሽኔታው የተጎዳ ከሆነ እጅ ላይ ንዝረት ይሰማል። ፍሬኑ ቸርኬውን አለመንካቱም በዚያው ይታይ።

ቀጥሎ ቸርኬው በእጅ ተይዞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይነቅነቅ። ጎማው በደንብ ታስሮ ሳለ ከተንቀሳቀሰ የሾጣጣው ዳዶ መላላት ወይም የኩሽኔታው መበላት ይጠረጠራል። በመጨረሻም ጎማው ወጥቶ ፔርኖው በጣት ቀስ ብሎ ይዞር። አሸዋ እንዳለበት ከሻከረ ቅባቱ ቆሽሿል ወይም ማረፊያው ተቦርቡሯል፤ አልዞርም ብሎ ካስቸገረ ዳዶው ከልክ በላይ ጠብቋል። የፔርኖው ጫፍ ሲዞር ክብ እየሠራ ከተወዛወዘ ደግሞ ፔርኖው ጎብጧል።

ከተለየ በኋላ ምን ይደረግ?

ዳዶው መላላት ወይም መጥበቅ ብቻ ከሆነ መስተካከል ይበቃዋል። ለዚህ ሥራ ሁለት ቁልፎች ያስፈልጋሉ፤ በብዙ የኋላ ሞዞዎች ሾጣጣውን ዳዶ ለመያዝ ባለ 15 ቀጭን ቁልፍ፣ መቆለፊያውን ዳዶ ለማጥበቅ ባለ 17 ቁልፍ ያገለግላሉ። በዳዶ የሚታሰር ጎማ ምንም ንቅናቄ ሳይኖረው በነጻነት እንዲዞር ይደረጋል። በእጀታ በሚጠብቅ ቀጭን ዘንግ የሚታሰር ጎማ ግን ከመታሰሩ በፊት እጅግ ጥቂት ንቅናቄ ይተውለታል፤ እጀታው ሲጠብቅ ፔርኖውን ስለሚጫነው ያ ክፍተት ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ጎማውን ሳያስር ፍጹም አጥብቆ ስለሚያስተካክለው ኩሽኔታው በአጭር ጊዜ ይጎዳል።

ሞዞው ከተፈታ አሮጌው ቅባት በነጭ ጋዝ ታጥቦ ከእሳት ራቅ ባለ ቦታ ይደርቅ። ኳሶቹ ርካሽ ስለሆኑ በአዲስ መተካታቸው ይመረጣል። ሾጣጣው ዳዶ የኳሶቹ መሄጃ ላይ ጉድጓድ ከታየበት ይለወጣል። ጎድጓዳው ማረፊያ ከተቦረቦረ ግን በብዙ ሞዞዎች ለብቻው አይለወጥምና ሙሉ ሞዞ ስለ መግዛት ማሰብ ተገቢ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ሲገጠም በኩሽኔታው ውስጥ ወፍራም ግራሶ ይሞላል። ይህ ግራሶ ግን ወደ ምላሶቹ መግባት የለበትም፤ ሞላቸው ቀጭን ስለሆነ ወፍራም ቅባት ያጣብቃቸዋል። ለእነርሱ የሚስማማው ቀጭን ዘይት ነው። ታጥበውና ዘይት ተቀብተው እንደገና የሚከዱ ከሆነ ክፍሉ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ፤ እስኪለወጥም ብስክሌቱ አይነዳ።

ፔርኖው በተደጋጋሚ የሚጎብጥ ወይም የሚሰበር ከሆነ ምክንያቱ ነጂው ላይሆን ይችላል። በቀድሞው አሠራር የጥርሶቹ ስብስብ በሞዞው ላይ በጥምዝ ይታሰራል። የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ ረጅም የፔርኖ ክፍል ያለ ድጋፍ ይቀራል። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ባስተዋወቀው አሠራር ግን የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ጫፍ ተጠግቶ ፔርኖውን ይደግፋል። ጭነት የሚበዛበት ብስክሌት ጎማው መለወጡ ካልቀረ ይህን ዓይነቱን መምረጥ ይጠቅማል።

ለሰበካ ኮሚቴዎች

ኩሽኔታን በዋናነት የሚያበላሹት ውኃና አቧራ ናቸው። ብስክሌቱ በግፊት በሚረጭ ውኃ አይታጠብ። ሞዞው በጎርፍ ወይም በወንዝ ውኃ ከተጠለቀ ድምፅ እስኪያሰማ ሳይጠበቅ ይፈተሽ። ከክረምት በኋላ አንድ ጊዜ መፍታትና ግራሶ መለወጥ ለብዙ ብስክሌቶች ይበቃል።

ብስክሌቱን የሚረከብ አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ አጭር መዝገብም ይኑረው። ነጂው ድምፅ ከሰማ «ጮኸ» ብቻ ሳይሆን እግር ሲያርፍ፣ ፔዳል ሲመታ ወይስ በሁለቱም ጊዜ እንደተሰማው ይመዝግብ። ይህ አንድ መስመር ብስክሌቱን ለሚቀበለው ጠጋኝ ግማሽ ሥራውን ያቃልልለታል። ኮሚቴውም የዕቃ መግዣ ጥያቄ ሲቀርብለት የትኛው ክፍል በምን ምርመራ እንደተለየ መጠየቅ ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ በሁለት ቁልፍና በጥቂት ግራሶ የሚድን ሞዞ ችላ ሲባል ፔርኖውን፣ ማረፊያውን፣ በመጨረሻም ሙሉውን ጎማ ያስከፍላል።