ጽሑፍን ለውክፔዲያ ስለ መስጠት

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን መንገድ ይዞ፣ አምቦን ካለፈ በኋላ ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ጉደር ከተማ ይደርሳል። ጉደር የቶኬ ኩታዬ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከእርስዋ ጋር አንድ ስም ያለው ወንዝ በአጠገቧ ፏፏቴውን ሠርቶ ያልፍና ወደ ሰሜን ወርዶ ከዓባይ ይቀላቀላል፤ በስሟ የተሰየመው ቀይ ወይንም ከተማዪቱን በዓይኑ አይቷት የማያውቀው ሰው እንኳ ስሟን እንዲያውቅ አድርጓል። ስለዚህች ከተማ አንድ የአገር ልጅ፣ መምህር ወይም ተማሪ፣ በውክፔዲያ የተሟላ ጽሑፍ ለማኖር ቢነሣ ምንጭ አያጣም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለእንግዶች ያዘጋጀው መግለጫ ሊያገኝ ይችላል፣ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የጉደር ማሞ መዘምር ካምፓስ ተማሪዎች የደከሙባቸው የመመረቂያ ጥናቶች አሉ፣ ስለ አገሩ የተጻፉ መጻሕፍትም በየቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ። የሚያሰናክለው ሌላ ነው፤ ይኸውም እነዚህ ጽሑፎች ሁሉ ባለቤት ያላቸው በመሆናቸው፣ ከእነርሱ አንዱን ገጽ እንዳለ ቀድቶ ለማስገባት፣ ባለቤቱ በታወቀ ሥርዓት ካልፈቀደ በቀር የማይቻል መሆኑ ነው። ያን ሥርዓት ከአንባቢ ጋር ማስተዋወቅ የፈለግሁት፣ ብዙ መልካም ጽሑፍ ባለቤቱ ለመስጠት ልቡ እየፈቀደ፣ አሰጣጡን ባለማወቅ ብቻ በየመሳቢያው ተዘግቶ ስለሚቀር ነው።

ውክፔዲያ ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር መሥራችነት በእንግሊዝኛ ተጀምሮ፣ ከዚያ ወዲህ ከ300 ወደሚበልጡ ቋንቋዎች የተስፋፋ መዝገበ ዕውቀት ነው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የየራሱ እትም ስላለው፣ የጉደር ሰው በሁለቱም ልሳን ሊጽፍበት ይችላል። ጸሐፊዎቹ ደመወዝ የማይቀበሉ ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ያርመዋል፣ ሦስተኛው ያሰፋዋል፤ ማን በየትኛው ቀን የትኛውን ቃል እንደ ጨመረና እንደ ቀነሰም ከእያንዳንዱ ገጽ ጋር ተያይዞ በሚገኘው የታሪክ መዝገብ ተጽፎ ይቀመጣል። ይህን የታሪክ መዝገብ ተራው አንባቢ ከፍቶ የማያየው ቢሆንም፣ የሥርዓቱ ሁሉ ዐምድ እርሱ ነው፤ የደራሲዎቹ ስም የሚጠበቀው በእርሱ ነውና።

በውክፔዲያ ቃሉን የሚያኖር ሰው ሁሉ፣ ክሪየቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት ያዘጋጀውን ፈቃድ ተቀብሎ እንደሚጽፍ ይቆጠራል። ይህ ድርጅት፣ የሕግ መምህሩ ላውረንስ ሌሲግና ባልደረቦቹ የመሠረቱት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች በታኅሣሥ ወር 1995 ዓ.ም. አወጣ፤ ውክፔዲያ ግን በመጀመሪያ ለኮምፒውተር ፕሮግራም መምሪያዎች ታስቦ በተዘጋጀ ሌላ ፈቃድ ሲሠራ ቆይቶ፣ በሰኔ 2001 ዓ.ም. ወደዚህኛው ተዛወረ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አራተኛውን እትም ተቀበለ። ሲሲ ባይ ኤስኤ እየተባለ የሚጠራው ይህ ፈቃድ፣ ማንም ሰው ጽሑፉን ይቀዳ፣ ያሳትም፣ ይተረጕም፣ ያሻሽል፣ ሸጦም ዋጋ ይቀበል ዘንድ ይፈቅድለታል፤ በአንጻሩ ሁለት ግዴታዎች ይጥልበታል፣ አንደኛው የጸሐፊውን ስም መጥቀስ፣ ሁለተኛውም ከጽሑፉ ተነሥቶ የሠራውን አዲስ ሥራ በዚያው ፈቃድ ለሌሎች ማካፈል ነው።

ብዙ ቅን ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አንድ ደራሲ ስለ ትውልድ አገሩ የጻፈውን ምዕራፍ ሲጠየቅ፣ ደስ ብሎት «ለውክፔዲያ ፈቅጃለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ወይም «ለትምህርት ብቻ ይሁን፣ ማንም እንዳይነግድበት» ይላል፤ ወይም «አንድም ቃል እንዳይለወጥ» ሲል ያሳስባል። ሦስቱም ከመልካም ልብ የመነጩ ቃላት ሲሆኑ፣ ሦስቱም ጽሑፉን ከበር ይመልሱታል። ምክንያቱም ከመዝገቡ ገጽ የወሰደ ሰው ከዚያ ወዲያ ለሌላ የመስጠት መብት እንዲኖረው የግድ ስለሆነ ነው፤ በአምቦ ከተማ የሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ስለ ምዕራብ ሸዋ የተጻፉትን ገጾች ሰብስቦ፣ አርሞና አሳጥሮ፣ የተማሪዎች መጽሐፍ አድርጎ ቢሸጥ፣ የጸሐፊዎቹን ስም እስከ ጠቀሰና ሥራውን በዚያው ፈቃድ እስካወጣ ድረስ ፈቃዱ ይህን አይከለክልም፤ እንዲያውም የተጻፈው እንዲህ ያለው ነገር እንዲሆን ነው። ለአንድ ቦታ ብቻ የተሰጠ ፈቃድ፣ ንግድን የሚከለክል ፈቃድ፣ ለውጥን የሚከለክል ፈቃድ፣ በመንገዱ ላይ የሚመጣውን ይህን ሦስተኛ ሰው ያግደዋል፤ ስለዚህም አይበቃም።

የአገራችን ሕግ በጉዳዩ ላይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 እስከ ቁጥር 1674 ባሉት አንቀጾቹ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ኪነ ጥበብ ባለሀብትነት ደንግጎ ነበር፤ ከዚያም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ጥበቃ በሰፊው አውጥቶ፣ ቆይቶም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሻለ። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ጽሑፍ ወጥ ሆኖ በወረቀት ወይም በሌላ ግዙፍ ነገር ላይ ከተቀረጸ፣ ምንም ምዝገባ ሳያስፈልገው በተፈጠረበት ቅጽበት ይጠበቃል። በመሆኑም አንድ መግለጫ «መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚል ቃል ስለሌለበት ብቻ የማንም ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ደግሞም ተቀጣሪ በሥራው ላይ ሳለ የጻፈው፣ ሌላ ውል ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ሀብት ስለሚሆን፣ የመሥሪያ ቤቱን መግለጫ ያዘጋጀው ባለሙያ በግሉ ቢፈቅድ የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አይሆንም፤ በአንጻሩ የመመረቂያ ጥናቱን የጻፈ ተማሪ የሥራው ደራሲ ራሱ ነው።

የጥበቃውን ዘመን ለማስረዳት ከዚያው ከጉደርና ከአምቦ አገር የበቀሉትን ሰው መጥቀስ ይበቃል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለው ስፍራ በ1928 ዓ.ም. ተወልደው በየካቲት ወር 1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አረፉ። ሕጉ የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑ ለራሱ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ስለሚያጸና፣ የጸጋዬ ግጥሞችና ተውኔቶች እስከ 2048 ዓ.ም. ድረስ ያለ ወራሾቻቸው ፈቃድ በመላው ወደ መዝገቡ ሊገቡ አይችሉም፤ የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ፣ ሥራዎቻቸውን በስም መዘርዘር፣ ለሐተታ የሚያስፈልገውን ያህል አጭር ቃል ከነምንጩ መጥቀስ ግን የተፈቀደ ነው። ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግን በስደት በእንግሊዝ አገር ሳሉ በ1931 ዓ.ም. ስላረፉ ዘመኑ አልፏል፤ የእርሳቸውን መጻሕፍት ማንም ሳይጠይቅ ሊቀዳ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ርስት በእጃችን ሳለ በመዝገቡ ውስጥ ብዙውን አለማስገባታችን ያሳዝነኛል። ለፎቶግራፍ የተወሰነው ዘመን አጭር ነው፤ ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ብቻ ነው። የሕግና የአስተዳደር ይፋ ጽሑፎች ግን ከመጀመሪያውም ጥበቃ የላቸውም፤ የነጋሪት ጋዜጣ አዋጅ ለሁሉ የተከፈተ ነው።

ይህ ሁሉ ከባዕድ አገር የመጣ እንግዳ ሥርዓት የሚመስለው ሰው ካለ፣ የብራና መጻሕፍታችንን የመጨረሻ ቅጠሎች ቢያስተውል መልካም ነው። አባቶቻችን መጽሐፍ መቅዳትን እንደ በጎ ሥራ እንጂ እንደ በደል አይቈጥሩትም ነበር፤ ከአንዱ ገዳም መጽሐፍ ተውሶ መገልበጥ፣ ገልብጦም ለሌላው ደብር ማድረስ ጽድቅ ነበረ። ነገር ግን ጸሐፊው በመጨረሻው ቅጠል ላይ ስሙን ያኖራል፤ ያስጻፈውንም ሰው ይጠቅሳል፤ ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመውና ለሰማው ሁሉ ምሕረት ይለምናል፤ ከዚያም መጽሐፉን የሰረቀውም ስሙን የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ብሎ ግዝት ያሰፍራል። ስርቆትና ፍቀት በአንድ ግዝት ሥር መዋላቸው ዘወትር ያስደንቀኛል፤ መቅዳት ሲፈቀድ ስምን ማጥፋት ግን ከስርቆት ጋር እኩል ተወግዟልና። የአሜሪካው ሕግ ዐዋቂ ሌሲግና ባልደረቦቹ በ1995 ዓ.ም. ያወጡት ፈቃድ ከዚህ የጸሐፊዎች ልማድ ጋር በመንፈስ ይገናኛል ብል፣ ያጋነንሁ አይመስለኝም፤ የእኛ ደራሲዎች ፈቃዱን ለመቀበል ከሌላው ይልቅ የቀረቡ ናቸው ብዬ የማምነውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ባለቤቱ ከፈቀደ ነገሩ የሚፈጸመው በደብዳቤ ነው። የቃል ፈቃድ፣ ለጸሐፊው በስልክ የተነገረ ይሁንታ፣ በሠርግ ቤት የተሰጠ ተስፋ አይቈጠርም። ደብዳቤው በኢሜይል የሚላከው ውክፔዲያን በሚያስተናግደው በዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ገጾች ለሚያገለግሉ ፈቃደኛ መልስ ሰጪዎች ሲሆን፣ እነዚህ ሰዎች የሌሎችን ምስጢር ለመጠበቅ ቃል የገቡ በመሆናቸው፣ የላኪው አድራሻና ማንነት በአደባባይ አይወጣም። በደብዳቤው ውስጥ ሊገኙ የሚገባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ ላኪው የጽሑፉ ባለመብት መሆኑን ወይም በባለመብቱ ስም ለመናገር ሥልጣን ያለው መሆኑን ይገልጻል፤ የትኛው ጽሑፍ እንደ ሆነ በርእሱ፣ በታተመበት ዘመንና በገጹ ለይቶ ያመለክታል፤ ፈቃዱን በሙሉ ስሙና በእትሙ ቁጥር ይጠራል፤ ማንም ሰው ለንግድም ቢሆን ሊጠቀምበትና ሊለውጠው እንደሚችል ማወቁን ያረጋግጣል፤ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ የማይሻር መሆኑንም ይቀበላል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ባለቤቱ አስቦበት እንዲፈርም፣ የሚያስፈርመው ሰው በግልጽ ሊነግረው ይገባል፤ የሰውን ሀብት አሳስቶ መቀበል ለመዝገቡም አይበጅም።

ደብዳቤው የሚላክበት አድራሻም ይታያል። የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ኢሜይል፣ የአሳታሚ ከሆነ ከአሳታሚው ቢላክ ጥርጣሬ አይነሣም፤ ከማይታወቅ የግል አድራሻ የመጣ ከሆነ ግን መርማሪዎቹ ተጨማሪ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ጽሑፉ በባለቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያለ ከሆነ ቀላል መንገድ አለ፤ ባለቤቱ በዚያው ገጽ ግርጌ «ይህ ጽሑፍ በሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0 ፈቃድ ተለቋል» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር፣ ያለ አንዳች ደብዳቤ ይበቃል። ደብዳቤው ሲደርስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ተመርምሮ ሲጸድቅም ያ ቁጥር በጽሑፉ የውይይት ገጽ ላይ ተለጥፎ፣ ከዓመታት በኋላ «ይህ ከመጽሐፍ ተገልብጧል» ብሎ የሚከስስ ቢነሣ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ቁጥሩ ከመለጠፉ በፊት የገባ ጽሑፍ ግን በአራሚዎች ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚሠራበትም መንገድ አለ። ሕጉ የሚጠብቀው የአነጋገሩን ቅርጽ እንጂ ፍሬ ነገሩን አይደለም፤ ጉደር የወረዳው መቀመጫ መሆኗን፣ ወንዙም ወደ ዓባይ መግባቱን ማንም የራሴ ነው ሊል አይችልም፤ ስለዚህ ከሦስት ከአራት ምንጮች አንብቦ፣ በራስ ቃል አቀናብሮ፣ ምንጮቹን ጠቅሶ መጻፍ ከሁሉ የተሻለው ነው። ጥቂት ቃላትን እየለዋወጡ የሌላውን ዐረፍተ ነገር አስመስሎ ማቅረብ ግን ራስን ማታለል ነው። ከእንግሊዝኛው ውክፔዲያ መተርጐምም የተፈቀደ ሲሆን፣ ተርጓሚው ለውጡን ሲያስቀምጥ ከየትኛው ገጽ እንደ ወሰደው በማጠቃለያው መስመር ከነማያያዣው መጻፍ አለበት፤ ያለዚያ የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ስም ይፋቃል። አስቀድመው በነፃ የተለቀቁ ጽሑፎችም አሉ፤ ዩኔስኮ ለምሳሌ ላሊበላን፣ አክሱምን፣ ፋሲል ግቢን የመሳሰሉት የዓለም ቅርሶች አጫጭር መግለጫዎችን ውክፔዲያ በሚቀበለው ፈቃድ ስላወጣ፣ ስሙን ጠቅሶ ወደ አማርኛ መመለስና ማስገባት ይቻላል።

ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ደብዳቤው ጸድቆ፣ ቁጥሩ ከተለጠፈ በኋላ እንኳ ጽሑፉ እንዳለ ይቀራል ማለት አይደለም። መሥሪያ ቤቶች ለእንግዳ መቀበያ የሚያዘጋጁት መግለጫ አገራቸውን በማመስገን የተመላ ነው፤ «ውብና ማራኪ»፣ «ለም አፈር የታደለች»፣ «እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ» የሚሉት ቃላት በመዝገበ ዕውቀት ውስጥ ቦታ ስለሌላቸው በአራሚዎቹ ይነሣሉ፤ ምንጭ የሌለው አኃዝም ምንጭ እስኪገኝለት ድረስ ይወጣል። ከተሰጠው ገጽ እኩሌታው ቢቀር ብዙ ነው። ሰጪውም ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ አይቀየምም፤ የቀረው እኩሌታ በታሪክ መዝገቡ ውስጥ ከነምንጩ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ነገ ደግሞ በቦዳ ወይም በአምቦ የሚኖር ሌላ ሰው የወንዙን ርዝመት፣ የገበያውን ቀን፣ የድልድዩን ዘመን ከነማስረጃው ይጨምርበታል።